እማዬ፣ ዘንድሮ ከኋላ የምሄደው እኔ ነኝ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ስለ ዘንድሮው የእግር ጉዟችን ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃችኋለሁ። ላዘገያችሁ አልፈልግም» አልሽኝ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ እንዳይመስልሽ። ሆድ ብሶኝ ነው።

ልጆች ሳለን ለእረፍት ስንወጣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ። ትንሹን ወንድሜን ከፊት ታስቀድሚዋለሽ፣ እኛ መሀል፣ አንቺ ከኋላ። ደክሞሽ ይመስለኝ ነበር። ዞር እያልኩ «እማዬ ቶሎ በይ እንጂ!» እልሽ ነበር። ነገሩ የገባኝ አምና ልጄን ይዤ ስወጣ ነው። እኔ ከፊት ስሆን ልትደርስብኝ ትሮጣለች፣ ይደክማታል፣ ታለቅሳለች። እሷን ሳስቀድም ሁላችንም በእሷ እርምጃ ሄድን፣ ለቅሶው ቀረ። ከኋላ ሆኜ ደግሞ ማን እንደሚያነክስ፣ የማን የጫማ ክር እንደተፈታ፣ ሁሉም ይታየኛል። ለካ ያኔ ወደ ኋላ ቀርተሽ አልነበረም። እየጠበቅሽን ነበር።

ያ የመብረቁ ቀንስ ትዝ ይልሻል? ዝናቡ ሲጀምር ሮጠን ሜዳው መሀል የቆመው ዛፍ ሥር ተጠለልን። ደረቅ ስለነበር ደስ ብሎናል። አንቺ ክንዴን ይዘሽ ጎትተሽ አወጣሽኝ። እንደዚያ አጥብቀሽ ይዘሽኝ አታውቂም፣ የጣቶችሽ ምልክት እስከ ማታ ክንዴ ላይ ነበር። ሰማዩ ብልጭ ሲል ጣትሽን እያጠፍሽ መቁጠር ጀመርሽ። ዘጠኝ ላይ ስትደርሺ ነጎደ። «ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና ውስጥ ግቡ!» አልሽ። እንዴት እንዳወቅሽ ሳስብ ከረምኩ። በኋላ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚሄድ ስማር፣ ለካ ሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጣቶችሽ ናቸው የታዩኝ። መኪናም ከመብረቅ የሚያድነን በጎማው ሳይሆን በብረት አካሉ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ብረቱ መብረቁን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያሳልፈዋል።

ዝናቡ አባርቶ እንኳን አላስወረድሽንም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለብን አልሽ። ለእኛ ዓመት ነበር። አንቺ ግን የሁላችንንም ካልሲ አወለቅሽ፣ እግራችንን አንድ በአንድ በሻርፕሽ አደረቅሽ። እርጥብ ልብስ ለብሶ መቀመጥ አይሆንም፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ይህንን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ሻርፕሽ እንደሞቀኝ ብቻ ነው። እና እንደዚህ የጠበቀችን እናት ላዘገያችሁ አልፈልግም ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ስለዚህ ሥራዬን ሠርቼ ነው የምለምንሽ። ባለፈው ቅዳሜ መንገዱን ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ዙሩ ሁሉ 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱ ተደምሮ 150 ሜትር ገደማ። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አለ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚያ ሂሳብ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። እሱ ግን ያሰበው ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። እኔ አራት ሰዓት ይዣለሁ። ለመቀመጥ የሚመቹ ጥላ ያላቸው ቦታዎች ቆጥሬ መጥቻለሁ፣ ሰባት ናቸው። መሀል ላይ መኪና የሚደርስበት መንገድ አለ። በቃኝ ካልሽ እዚያ እንጨርሳለን፣ ቅር የሚለው የለም።

ጉልበትሽን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ሁለት መደገፊያ ዱላዎች ገዝቻለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን ከጉልበት ይቀንሳሉ። ውሃ ደግሞ ባይጠማሽም ትጠጫለሽ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውሃ እየፈለገም ጥሙ በደንብ አይሰማም። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ጠዋት በጊዜ እንነሳለን፤ መሬቱ ሲግል ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚከመር ከዚያ በፊት እንድንመለስ ነው።

ድንኳን ይቅር ብያለሁ፣ መሬት ላይ መተኛት ለወገብሽ አይሆንም። አልጋ ያለበት ቤት ተይዟል። ግን ማታ ውጭ እንቀመጣለን። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት የመረጥኩት አውቄ ነው። መብራት አጥፍተሽ «ዝም ብላችሁ ጠብቁ» ትዪን የነበረው ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ዐይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ ከዋክብቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ፍኖተ ሐሊብ እንደ ፈሰሰ ወተት ሰማዩን ሲያቋርጥ ይታያል። ልጄ እስከ ዛሬ አይታው አታውቅም። እኔ ላሳያት እችላለሁ። ግን «ዝም ብለሽ ጠብቂ» የሚለውን በአንቺ ድምፅ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

አሰላለፉን ለእሷ ነግሬያታለሁ። ከፊት አንቺ፣ ቀጥላ እሷ፣ ከኋላ እኔ። «አያቴ ናት መሪ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ እያወራች ነው።

ጫማውን ትናንት ልኬልሻለሁ። አዲስ ስለሆነ መንገድ ላይ እግርሽን እንዳይልጠው ከዛሬ ጀምረሽ ቤት ውስጥ በወፍራም ካልሲ አድርጊው፤ መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እያስረዘምሽ። ጣትሽ ጋ ከጠበበሽ ሳትውይ ሳታድሪ ንገሪኝ፣ እቀይረዋለሁ። እሁድ ጠዋት እደውላለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ