ግልጽ ደብዳቤ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ስለ ሥራ ምዘና

ክቡር ከንቲባ፣

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ታናሽ ወንድም አለኝ። የሙያ ሥልጠና እንዲያገኝ ብዬ፣ የትኛው ሥራ እንደሚስማማው ለሚለይ ምዘና ወደ አንድ ተቋም ስወስደው፣ ባለሙያዋ የጉዳቱን ዓይነትና ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ እኔን ጠየቀችኝ፤ እሱን ምንም አልጠየቀችውም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቅጹ ላይ «ልብስ ስፌት» በሚለው ትይዩ ምልክት አደረገች። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የጃኬቱን ዚፕ ይከፍትና ይዘጋ ነበር።

ሰኞ ገበያ ባለው የአክስታችን ሱቅ ክርና ቁልፍ በቀለምና በመጠን ሲለይ የሚውለው እሱ ነው፤ ጥቁሩንና ጥቁር ሰማያዊውን ክር እኔ በደብዛዛው አምፖል ስሳሳት እሱ አይሳሳትም። የስፌት መኪና ድምፅ ሲሰማ ግን ሁለት ጆሮውን ይይዛል፤ ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን አብሮት መዋል ይበቃ ነበር። የሥልጠናው ክፍል መኪኖች በአንድ ጊዜ ሲነሡ መቋቋም አቅቶት በሦስተኛው ቀን ጥሎ ወጣ፤ መዝገቡ ላይም «ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ተጻፈ። ባለሙያዋን አልወቅስም፤ በተሰጣት ቅጽ ላይ ሰውየው ምን እንደሚወድ የሚሞላበት ቦታ አልነበረም።

በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ወይም ሠልጣኝ አጋዥ የመመደብ ግዴታ አለበት፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 27 ሰው በነጻ መርጦ ወይም ፈቅዶ በተቀበለው ሥራ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሳይጠየቅ የተመደበ ሰው ግን መረጠ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ በከተማችን ድጋፍ የሚያገኙ አካል ጉዳተኞች የሥራ ምዘና፣ ጋራዥም ይሁን መጋዘን ወይም ዳቦ ቤት፣ በእውነተኛ የሥራ ቦታ ለጥቂት ቀናት እንዲካሄድ፣ መናገር የሚቸግረውም በሥዕል ወይም በምልክት እንዲጠየቅ እለምናለሁ። ቤተሰብ ከእሱ ቀጥሎ ይጠየቅ፤ እኔ የምመኝለት ቋሚ ደመወዝ ነው፣ እሱ የሚመኘው ሌላ ሊሆን ይችላል። መንገዱም ይመዘን፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ቢገኝለት፣ ጠዋት መናኸሪያ ተጋፍቶ የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ በመጀመሪያው ወር ማን አብሮት ይሄዳል? ውጤቱ ላይ «ይችላል» ወይም «አይችልም» ከሚባል፣ በምን ዓይነት እገዛ ምን መሥራት እንደሚችል ቢጻፍ አሠሪውም ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።

አዲስ ቅጽ ከተረቀቀ ለሙከራ እንመጣለን፤ ወንድሜን ጠይቄው እሺ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ስለሚደክመው ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
እህቱ፣ ከደሴ