ስለ ዓሣ መረብ ሱቃችን፦ ደብዳቤ ለልጄ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ባቱ (ዝዋይ) ላይ በከፈትሽው ቅርንጫፍ ደንበኞችሽ ካልተገመደ ነጠላ የናይሎን ክር የሚሠራውን ርካሹን ባለ አንድ ክር መረብ ደጋግመው እንደሚጠይቁሽ ጽፈሽልኛል፤ ቤታችን እስከ ዛሬ ለምን ሳያስገባው እንደቀረም ጠይቀሽኛል። መልሱ ከሱቃችን ታሪክ የማይነጠል ስለሆነ ከመነሻው እጽፍልሻለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ባሕር የሌላት ብትሆንም የባሕር ዕቃ ለገበያዋ እንግዳ አልነበረም። እሳቸው ጅቡቲ በተመላለሱ ቁጥር መንጠቆ፣ የጥጥ ሲባጎና የቡሽ ተንሳፋፊ እያመጡ መጋላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር በተከራዩት ክፍል ለሐረማያ ሐይቅ አስጋሪዎች መሸጥ ጀመሩ። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቅቆ አዋሽ ወንዝ ላይ ሰፊ ሐይቅ ከተኛ በኋላ ግን ሥራው መልኩን ለወጠ፤ ዕቃው በባቡር እስከ ሞጆ ይሄድና ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ቆቃ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሐዋሳ ይከፋፈል ነበር። የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ከሐይቆቹ ርቆ ድሬዳዋ የቆየው በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ነው።

ቤቱን ያቆሙት ግን በእኔ እምነት እናቴ ናቸው። የጥጥ መረብ ከውኃ በወጣ ቁጥር ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ናይሎን ሲመጣ አስጋሪው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ናይሎኑ የሚመጣው በጥቅል ስለነበር፣ ከላይ ተንሳፋፊ ካለበት ገመድ፣ ከታች ደግሞ እርሳስ ካለበት ገመድ ጋር ማያያዙ የሱቁ ሥራ ነበር። እናቴ ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆነውን መረብ 50 ሜትር ገመድ ላይ እያከፋፈሉ ያስሩት ነበር፤ ውኃ ውስጥ ዐይኑ በደንብ የሚከፈተው እንዲያ ሲሆን ነውና። መረቡ ከልክ በላይ ከተጠራቀመ ትንሹም ትልቁም ዓሣ ይጠላለፍበታል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ዓሣው ነክቶት ይመለሳል። ከጎረቤት ሴቶች ብዙዎቹ ይህን ሙያ ከእሳቸው ተምረው ልጆቻቸውን አሳድገውበታል።

እናቴ የመረቡን ዐይን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ወጥረው ሳይለኩ አንድም ጥቅል አይረከቡም ነበር። ከተነገራቸው ልክ ካነሰ፣ አባቴ ቢለምኗቸውም፣ ጥቅሉን ይመልሱታል። ዐይኑ ከጠበበ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንደሚይዝና አስጋሪው ዘንድሮ ቢደሰት በሚቀጥሉት ዓመታት መረብ የሚገዛበት ገንዘብ እንደሚያጣ አጥብቀው ያምኑ ነበር። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማችን ድረስ ሲመጣ ባቡሩም ቆመ፣ ንግዱም ለጊዜው ተቋረጠ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሱቃችን ቢተርፍም ያጣናቸው ጎረቤቶች ሐዘን ዛሬም አልወጣልንም። ቤቱን እንደ ሱቅ ይበልጥ የጎዳው ግን የሐረማያ መድረቅ ነው። ሐይቁ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር፤ ዙሪያውን ያለው ጫትና አትክልት በሞተር እየተሳበ ይጠጣው ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም ወለሉን ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ውኃው አልቆ መሬቱ ተሰነጠቀ። የመጀመሪያ ደንበኞቻችን መረባቸውን ጠቅልለው ሌላ ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ ውኃ ከሌለ የእኛ ዕቃ ለማንም ምንም እንደማይረባ ያን ጊዜ በዐይኔ አየሁት። ባለፉት ዓመታት ውኃው መመለሱ እጅግ ያስደስተኛል።

የጣናም ነገር እንዲሁ ነው። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ምርቱ አደገ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ መሰሎቹ ወንዞች ሲወጡ መረብ የወንዙ አፍ ላይ ስለጠበቃቸው ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን የመሰለው ጉዳት ከታየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ባለ አንድ ክሩ መረብ ውኃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ሲቀደድ ለመጠገን ስለማይመች አስጋሪው ይጥለዋል፤ የተጣለው ደግሞ ስለማይበሰብስ ማንም የማያወጣውን ዓሣ እየያዘ ለረጅም ጊዜ ሲገድል ይኖራል። የእኛን ባለ ብዙ ክር መረብ ግን የሚጠግን ሰው በየመንደሩ አለ፤ ከፀሐይ እስከተጠበቀ ድረስም ብዙ ያገለግላል። ደንበኛሽን የዋጋው ልዩነት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ስለዚህ በዱቤ ስጪው፣ ጥገናውንም በነጻ አድርጊለት፤ ወጪውን ድሬዳዋ ያለው ሱቅ ይሸፍናል። ባለ አንድ ክሩን ግን አታስገቢ።

ለሁዳዴ ገበያ የሚሆነው ዕቃ ከጅቡቲ በጥር መድረስ ስላለበት ትእዛዙን ታኅሣሥ ሳይጋመስ መላክ አለብኝ። የትኛው የዐይን ልክ ምን ያህል እንደሚያስፈልግሽ ለይተሽ ጻፊልኝ፤ እርሳስና ገመዱንም አትርሺ። እናትሽ በጣም ናፍቃሻለች።

የሚወድሽ አባትሽ