ለታኅሣሥ ገብርኤል ነይልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የማሙሽ የፊት ጥርስ ወልቋል፤ ወሬው ግን አልቀነሰም።

በስልክ ያልሽኝን ሳስበው ሰነበትኩ። «እናንተ ሥራ ስትውሉ እኔ ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን ስጠብቅ ልዋል?» አልሽ። እውነትሽን ነው። ባለፈው የዞርንበት አስጎብኚም ወሬው ማለቂያ አልነበረውም። አንቺ ቆም ብለሽ ልታዪ ስትይ እሱ ቀጣዩ ቦታ ደርሷል። ስለዚህ ዘንድሮ ሶፋም የለም፣ አስጎብኚም የለም። ሐዋሳን አንቺና ማሙሽ በራሳችሁ ትዞሯታላችሁ። መንገዱን የሚያሳያችሁ እኔ የጻፍኩት እንቆቅልሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር ከተሞች ሰዎች ስልካቸው ላይ ፍንጭ እየተቀበሉ በእግራቸው ይዞራሉ። ፍንጩ ወደ አንድ ሐውልት ወይም ወደ አንድ የድሮ ሕንፃ ይወስዳቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። መልሱ ደጁ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት ሊሆን ይችላል፣ ሐውልቱ በእጁ የያዘው ነገርም ሊሆን ይችላል። ብቻ ሄዶ ያላየ አይመልሰውም። ከመለሱ ቀጣዩ ፍንጭ ይከፈታል። የሚያጣድፍ የለም። ቡና ካሰኛቸው ቁጭ ብለው ጠጥተው ይቀጥላሉ። እንዲያውም ንግድ ሆኗል፤ ከፍለው ነው የሚጫወቱት። እኛ ቤት በነፃ ነበር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ያቃተው አገር ይሰጣል።

ይቺን ሕግ አልነካኋትም። ማሙሽ ካቃተው አገር ይስጥሽ፣ አንቺም ካቃተሽ ስጪው። ደብረ ብርሃንን አልሰጥም ብለሽ እንደምትሟገቺ ከወዲሁ ይታየኛል። አገር የወሰደ ሰው የሚያወርደውን ውርጅብኝ ግን ለልጁ ቀስ እያልሽ አስተምሪው፤ ትምህርት ቤት ሄዶ ያስከስሰናል።

ስልክ ላይ አላደረግኩትም፣ ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩት። መነጽርሽን ብትረሺም እንድታነቢው ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ። ሁሉም በየፖስታው ታሽጓል። ማሙሽ ቀድሞ እንዳይከፍተው አንቺ ያዢው። እሱ ፎቶ ያነሳል።

መነሻው ቅዱስ ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ስለሚሞላው በማግስቱ ይሁን። ግቢው ውስጥ ምንም ጥያቄ አላስቀመጥኩም። ቤተ ክርስቲያን መጫወቻ ነው ወይ እንዳትይኝ። ተሳልመሽ ስትወጪ የመጀመሪያው ፖስታ ይከፈታል። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ ዳገት የሚባል የለውም። ከሱቅ ስምና ከማስታወቂያ ላይ አንድም አልጠየቅኩም። በኮሪደር ልማቱ ስንት ነገር ተቀያየረ፤ ዛሬ ያየሁትን ነገ አታገኚውም።

ለቅምሻ አንዳንዱን ልላክልሽ። የመጀመሪያው የአሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ነው።

«ራሰ በራ ነው፣ ኮቱን ደርቧል፤
መረብ ሳይጥል ዓሣ ይበላል።»

ይሄ አያቅትሽም፤ አባ ኮዳ ነው፣ ያ ትልቁ ወፍ። ጠዋት ድረሱ። ጀልባዎቹ ዓሣውን ሲያራግፉ ነው ቦታው የሚያምረው። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ ይመልጣሉ። ቅርፊቱ ክንዳቸው ላይ ተለጥፎ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላ ሲወረውሩት አባ ኮዳው ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ይውጣል፣ ተመልሶ ይቆማል። አይቸኩልም፤ ድርሻው እንደማይቀርበት ያውቃል። የዚህ ቦታ ጥያቄ ስለ ልጆቹ ነው። ቆዳውን ሲገፉ ከቢላዋ ሌላ በምን ይጠቀማሉ? መልሱን አልጽፍም። ስታዪው «ኧረ በስማም!» ትያለሽ።

ጾሙን አልረሳሁትም። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ነይ። ማሙሽ ግን ጥብሱን በዳጣ ሳይበላ አይነቃነቅም።

እዚያው ዛፎቹ ላይ ሁለተኛ አለ። «አውራ ጣት የለው፣ ካባ ግን አለው።» ጉሬዛን ነው። እውነት አውራ ጣት የለውም፤ ማሙሽ ፎቶውን አጉልቶ ይቁጠር። ከጦጣዎቹ ግን ተጠንቀቂ። ሙዝ ካዩ ከነፌስታሉ ነው የሚቀሙሽ።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ያለችውን እኔ ራሴ እወዳታለሁ። «ወንዝ ይገባል፣ ወንዝ አይወጣም፤ ውሃው ግን ጨው አይልም።» የሚገባው ጥቁር ውሃ ነው። መውጫ ወንዝ የለውም። መውጫ የሌላቸው ሻላና አቢጃታ ጨዋማ ናቸው፤ ይሄኛው ግን ጨው አልሆነም። አጥኚዎቹ ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ይወጣል ይላሉ። ማሙሽ «ታዲያ የት ይሄዳል?» ማለቱ አይቀርም። መልስ ካጣሽ አገር ስጪው።

የመጨረሻው ጉዱማሌ ነው። ሲዳማዎች የዘመን መለወጫቸውን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ የሚያከብሩበት ሜዳ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚቆርጡት ሰማይ የሚያነብቡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። እዚያ የሚነበብ ነገር አልፈለግኩም። ጥያቄው ከሰው ነው የሚገኘው። አንድ የአካባቢውን ትልቅ ሰው ሰላም ብለሽ ለበዓሉ ቡርሳሜ የሚባለው የሲዳማ ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅ ትጠይቂያለሽ። አንቺ ከሰው ጋር ስትጀምሪ ማቆሚያ ስለሌለሽ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው።

ታቦር ተራራን ከጨዋታው አውጥቼዋለሁ። ከታች ሆነሽ እዪው፣ ይበቃል። በየመሃሉ ጉልበትሽ እንቢ ካለ ባጃጅ ሞልቷል። ባጃጅ መያዝ ነጥብ አያስቀንስም፤ ማሙሽ ያስቀንሳል ካለሽ እየዋሸ ነው።

ደግሞ የታኅሣሥን ውርጭ እዚያ ሆነሽ ለምን ትጠብቂዋለሽ? ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናት። ትንፋሽሽም ይቀልልሻል።

በሶ አምጪልኝ። ሰፊውን ጫማሽን አድርጊ፣ ያንን አዲሱን ተይው፣ ይጠብሻል። አዲስ አበባ መናኸሪያ ወንድሜ ይቀበልሽና ሐዋሳ መኪና ላይ ያሳፍርሻል። ትኬት እንዲቆርጥልሽ ቀኑን እስከ እሁድ ንገሪው።

ልጅሽ፣ ከሐዋሳ