ለየጎፍ ደን ጉቶው አጠገብ የሚሰበሰብ ኮሚቴ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን የነዋሪዎች አማካሪ ኮሚቴ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ለስሙ ከሆነ ግን ይቅርብን፤ አበል ተቀብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚበተን ኮሚቴ ሞልቶናል።

ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው እናት አባል ትሁን። ከብት የሚያሰማራው ገበሬም። የጽድ ዛፉ የት የት እንደተቆረጠ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስብሰባውም እዚያው ጉቶው አጠገብ ይሁን። በፓወርፖይንት ደን አይታይም!

ኮሚቴው ይመክራል እንጂ አይወስንም፤ ይሄ ከመነሻው ይነገር። ደኑን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ግን ምክሩን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይመልስ። መልሱም በቀጣዩ ስብሰባ ይነበብ።

በግጦሽ ጠብ ከተነሳ ደግሞ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቻችን፣ አሉ። ኮሚቴው እዚያ ውስጥ አይግባ።

አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ