ፊኛውን ከሐይቁ ላወጣችሁልን

ውድ የሐዋሳ ወዳጆቻችን፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ስንፍና ነው፣ ሌላ ሰበብ የለንም። ይቅርታ።

ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓለም የፍልሰተኛ አእዋፍ ቀን ነበር። በዓመት ሁለቴ ይከበራል፤ አንዴ ግንቦት መግቢያ ገደማ፣ አንዴ ደግሞ በዚህ ሰሞን፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሱት ወፎች ስምጥ ሸለቆን ይዘው ወደኛ ሲወርዱ። የዘንድሮው መልእክት ለወፎች የሚመች ከተማ ስለመፍጠር ነበርና ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ እናክብረው አልን። አልን እንጂ እኛ አንድ ሚኒባስ እንኳ የማንሞላ ሰዎች ነን። እናንተ ባትደርሱልን ጉድ ሆነን ነበር።

ከድንኳኑ እንጀምር። ቀብድ የተቀበለን አከራይ በዋዜማው ስልኩን ዘጋ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የሻይ ጀበናውን ሳይቀር አውጥቶ ሰጠን። እግዜር ይስጥልን። ጠዋት ታዲያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "ማን ሞተ?" ይለናል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ነገሩን ስንነግራቸው ሳቁ፣ ነጠላውን አቀኑ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባይኖኩላሩን ከእጃቸው ለማስለቀቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠበቀ። እትዬ፣ እርስዎም ከተመስጋኞቹ አንዷ ነዎት።

አሁን ወደ ፊኛው። ፊኛ ይሰቀል ብሎ የወሰነው ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ማለት እኛ ነን። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ እንደሚነሳ ሐዋሳ ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ስምንት ሰዓት ላይ ገመዱ ተበጠሰና ስልሳ ፊኛ ውኃው ላይ ተበተነ። የወፍ በዓል ላይ! የፈነዳ ፊኛ ቁርጥራጭ ምግብ እየመሰላቸው ወፎች እንደሚውጡት ለተማሪዎች ያስረዳነው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ልጆቹ ዞረው ሲያዩን መግቢያ አጣን።

እናንተ ዓሣ አጥማጆች ዳር ላይ ተቀምጣችሁ መረብ ትጠግኑ ነበር። ማንም አልለመናችሁም። መረቡን አስቀምጣችሁ ሦስት ጀልባ ገፋችሁ። "ዛሬ ደግሞ ፊኛ ነው የምናጠምደው?" እያላችሁ እየተሳሳቃችሁ፣ ፊላው ውስጥ የተሸጎጠውን ሁሉ በእጃችሁ ለቀማችሁ። አምሳ ሰባት ቆጠርን። ሦስቱ የት እንደገቡ አሁንም እንቅልፍ ይነሳናል። ሁለተኛ ፊኛ የሚባል ነገር አይለመደንም።

ስትመለሱ ደግሞ ያ የሚያነክሰው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ዳር ላይ ቆሞ አገኛችሁት። እኛ ከሩቅ እያየን "ምስኪን" ስንለው ሁለት ሳምንት አልፎናል። ዓሣ የሚበልተው ልጅ አንጀት እየወረወረ አስጠጋው። ሌላው ከኋላ የማዳበሪያ ከረጢት አለበሰው። አንድ ጋሼ ያን ትልቅ መንቆር በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙ። ወፉ እስከ 1.5 ሜትር የሚቆም ነው፣ በቀላሉ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። የማጥመጃ ክር እግሩ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ነበር። በምላጭ ቀስ እያላችሁ ቆረጣችሁት። ሲለቀቅ ምስጋና የለ ምን የለ፤ እያነከሰ ሄዶ ከጓደኛው አፍ የዓሣ ጭንቅላት ነጠቀ። ስለዚህ በሱ ፈንታ እኛ እናመስግናችሁ።

ተማሪዎቹን ይዛ የዞረችው የባዮሎጂ ተማሪ እህታችን ልዩ ምስጋና አላት። አንድ ልጅ "አባ ኮዳ ለምን ነጭ ካልሲ አደረገ?" ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን በቅጡ የመለሰ የለም። እሷ በአማርኛም በሲዳምኛም አስረዳች፦ ካልሲ አይደለም፣ የራሱ ኩስ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ይጥለዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ሳቁ ገና ከማለቁ በፊት እኛ ያዘጋጀነው ንግግር ደረሰ። ማንም አልሰማንም፣ ልክ ናቸው።

የሻይዋ እመቤት፣ ባጃጅ ያላችሁ ልጆች፣ ሞንታርቦውን "ወፍ ይረበሻል" ስንላችሁ ሳታኮርፉ የጫናችሁ የሙዚቃ ሰዎች፣ እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። ማታ ስንለያይ አንዳንዶቻችሁ "እኛ እንግዲህ የመስቀል ወፍ ነን፣ የዛሬ ዓመት" ብላችሁ ነበር። አንዴ ታይቶ የሚጠፋ ሰው እንዲያ ይባላል መቼም። ወፉ ግን የትም አይሄድም። ወንዱ በክረምትና በመስከረም የሚለብሰውን ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። አጠገባችን ቆሞም አናውቀውም። እናንተም ልክ እንደዚያው አደረጋችሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ድንኳን በሌለበት፣ ቲሸርትም ሻይም በሌለበት፣ በአሮጌ ጃኬት መጥታችሁ ዳር ዳሩን ክር ስትለቅሙ አገኘናችሁ። ከዚያ በሚቀጥለውም።

የቧንቧ ሥራ የሚሠራው ወንድማችን ከትርፍራፊ ፒቪሲ ቱቦ አራት የክር ማጠራቀሚያ ሠርቶ ዛፎቹ ላይ አስሯል። ሒሳብ ስንጠይቀው "ቱቦው እኮ ቆሻሻ ነበር" ብሎን ሄደ። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ጋ ያለው ከወዲሁ ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንከፍተዋለን። ክሩ እንዳለ ከተጣለ ሌላ እግር ስለሚይዝ ቆራርጠን ነው የምናስወግደው። መቀስ ያላችሁ ያዙ፣ ጓንት ከኛ።

አባ ኮዳው አሁንም ትንሽ ያነክሳል። ይበላል ግን፣ በደንብ ይበላል።

የክለቡ አባላት
ሐዋሳ