ለደንበኞቻችን፦ ስለ አንቲፍሪዙ ጉዳይ

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም
ጎንደር፣ አውቶፓርኮ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ ራዲያተሩን ወይም የውሃ መስመሩን የነካንለትን መኪና አንቲፍሪዝ፣ ማለትም የሞተሩ ውሃ በብርድ እንዳይረጋ አብሮት የሚቀላቀለውን ፈሳሽ፣ ሳንሞላ ከግቢ አናስወጣም ብለናል። ሂሳቡ የባለመኪናው ነው። መኪናውም አንድ ሌሊት እኛ ዘንድ ያድራል። ይህን በር ላይ ከለጠፍን ወዲህ ያልሰማነው ነገር የለም። «የራሳቸውን ጥፋት በእኛ ኪስ ሊሸፍኑ ነው» ተባለ። «ጎንደር ደግሞ መቼ በረዶ ኖሮ ነው?» ተባለ። አንድ የድሮ ደንበኛችን ቁልፉን ተቀብሎኝ ወደ ሌላ ጋራዥ ነዳ። ሃያ ዓመት መኪናውን የሠራሁለት ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

መጀመሪያ ይቅርታው። በታኅሣሥ ወር አንድ ላንድሮቨር በእኛ መዘንጋት ሞተሩ ተሰንጥቋል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ወጪውንም ችለናል።

የሆነውን ግን በወሬ ሳይሆን ከእኔ ስሙት።

መኪናው አሮጌ ሰማያዊ ላንድሮቨር ነው፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራ። ባለቤቱ ከአባታቸው ወርሰው እንደ ልጅ የሚንከባከቡት ነው። ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ስለነበር አውርደን አስበየድነው። መልሰን ስንገጥመው ውሃ ሞላንበት። እስከዚህ ድረስ ስህተት የለም። ብየዳው መያዙ የሚፈተሸው በውሃ ነው፤ ይፈስ እንደሆነ ሳይታወቅ ውድ ነገር አይሞላበትም። በማግስቱ ውሃውን አፍስሰን አንቲፍሪዙን ልንሞላ ነበር። በማግስቱ ግን እኔ ለቅሶ ላይ ዋልኩ። የባለቤቱ ልጅ እንግዶች ይዞ መጣ፤ ቸኩሏል። የጋራዡ ሠራተኛ ልጆች አዩት፤ አይፈስም፣ ሞተሩም ይነሳል። ሰጡት። ማንም አልዋሸም። ያስታወሰም የለም።

መኪናው በደባርቅ አድርጎ ስሜን ተራሮች ገባ፤ ጨነቅ የሚባለው ማደሪያ ቦታ አደረ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚገኘው። ውሃ ደግሞ ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል። ጢም ብላ ተሞልታ ፍሪዘር ውስጥ የተረሳች ጠርሙስ ምን እንደምትሆን ሁላችንም አይተናል። የላንድሮቨሩ ብሎክ፣ ውሃው በውስጡ የሚዞርበት የሞተሩ ዋና አካል፣ ደግሞ እኛ ጊዛ የምንለው ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። ጊዛ ብዙ ይሸከማል፤ መለጠጥ ግን አያውቅም። አማራጩ መሰንጠቅ ብቻ ነው።

በብሎኩ ጎን የተሰኩ ክብ ክዳኖች አሉ። ሹፌሮች «ውሃው ቢቀዘቅዝ እነሱ ተተፍተው ሞተሩን ያድናሉ» ይላሉ። አንዳንዴ ያድናሉ። ቀዳዳዎቹ ግን ለዚያ የተበሱ አይደሉም፤ ብሎኩ ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲሠራ ውስጡ የነበረው የቅርጽ አሸዋ እንዲወጣ ነው የተተዉት። የዚያን ሌሊት አንዱ ክዳን ተተፍቷል፣ ብሎኩም ተሰንጥቋል። ጠዋት ሞተሩ ተነሳ አሉኝ። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ግን ውሃው በጎን ይወርድ ጀመር። በጭነት መኪና ተጭኖ ጎንደር ሲደርስ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩት። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መስሏል። መካኒክ የሆነ ሰው ያን ቀለም ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ብሎክ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልከናል። የተገኘው ያገለገለ ነው፤ ቶርኖ ቤት ገብቶ ወጥቷል። ስንት እንደፈጀብን አልጽፍም፤ ባለቤቴም ይህን ደብዳቤ ታነባለች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ጎንደር ውሃ የሚያረጋ ብርድ የለም፤ ልክ ናችሁ። ግን የእናንተ መኪና ጎንደር ብቻ ይውላል? ጥር የሠርግ ወር ነው። ሙሽራ ይዞ ዳባትና ደባርቅ የማይወጣ አሮጌ መኪና ካለ ይነገረኝ። በሌላው ሳምንት ደግሞ ያው መኪና መተማ ወርዶ ሙቀቱ ሲያነደው ይውላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ስሙ ስለሚያሳስት አንቲፍሪዝ የብርድ መድኃኒት ብቻ ይመስላል። ሥራው ግን ለሙቀትም ነው።

የደጋ ሰው ይህን ከወጥ ቤት ያውቀዋል። ባቄላ ደባርቅ ላይ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል። ከፍታ ሲጨምር ውሃ ብዙ ሳይግል ስለሚፈላ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ጎንደር በ93 ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 88 አካባቢ። ሞተራችሁ ደህና ሆኖ ሲሠራ ውሃው 80 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ቶሎ እንዳይፈላ ያግዛል። የአሮጌ መኪና ክዳን ግን ውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ከደከመ ቆይቷል። ስለዚህ ዳገት ላይ ስትወጡ በሞተራችሁና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ስስ ነው። መኪና ፈልቶ ቴስታታው (በብሎኩ ላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) ተጣሞ የመጣ ሰው ሁሉ «ትንሽ ነው የፈላው» ነው የሚለኝ። አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፤ ቅዝቃዜውን ደግሞ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል።

«እንግዲያው ሩብ ብቻ አድርግልኝ» የሚለኝ አለ። ለብርዱ ብቻ ቢሆን እሺ እል ነበር። ሲቀጥን ግን ዝገት መከላከሉም አብሮ ይቀጥናል። እንደ ፊያት 1100 ያለው መኪና ብሎኩ ጊዛ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለት የተለያየ ብረት በተራ ውሃ ውስጥ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ይበላል። ውሃችንንም ታውቁታላችሁ፤ በፈረቃ ነው የሚመጣ፣ ሲጠፋ ከጉድጓድ በጀሪካን ነው የሚቀዳ። የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት። ያ ነጭ ነገር ነው ራዲያተራችሁ ቱቦ ውስጥ የሚቀመጠው። እኛ የምንቀላቅለው የባትሪ ውሃ የሚባለውን የተጣራውን ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ገንዘብ አለኝ፣ ንጹሑን ሙላልኝ» ያለኝ አለ። እሱም አይሆንም፤ አንቲፍሪዝ ብቻውን ከሆነ 13 ከዜሮ በታች ላይ ይረጋል። ከውሃ ጋር ነው የሚበረታው። ለአሮጌዎቹ መኪኖች አረንጓዴውን፣ የድሮውን ዓይነት ነው የምንሞላው፤ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል።

ቮልስና ባጃጅ ያላችሁ፣ እናንተ በሰላም እደሩ። የእናንተን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አንድ የባጃጅ ልጅ ግን በር ላይ ቆሞ ከሁሉም በላይ ሲጮህብን ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ዋጋው ልናገር። አንቲፍሪዝ እኔ አላመርትም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ አብሮት ሄደ። ከአዲስ አበባ ጎንደር እስኪደርስ ያለውን የመንገድ ነገር እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንቲፍሪዙን የገዛሁበትን ደረሰኝ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንድ ብር አልጨመርኩበትም። ላንድሮቨሩን ከፍለን ጨርሰናል፤ ከእናንተ አንቲፍሪዝ የሚመለስ ኪሳራ የለም። ይህን ያልኩት «በእኛ ኪስ» ያላችሁኝ ስላስከፋችሁኝ ነው።

ይህን ጋራዥ አባቴ ነው የከፈተው፣ በንጉሡ ጊዜ። ከዚያ በፊት ጎንደርና አስመራ መንገድ ላይ ሹፌር ነበር፤ ሊማሊሞን በሌሊት የወጣና የወረደ። በዚያ ዘመን አንቲፍሪዝ እንደ ልብ አይገኝም። ደባርቅ ሲያድሩ ማታ የራዲያተሩንና የብሎኩን ቧንቧ ከፍተው ውሃውን ያፈሱታል፤ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። ጠዋት ማንም ቢመጣ ጨርቁን ሳይፈታ መንዳት አይችልም፤ ጨርቁን ሲፈታ ደግሞ ውሃው ትዝ ይለዋል። አባቴ ጋራዥ ከከፈተ በኋላም ይህን አልተወም። ያላለቀ መኪና ሁሉ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ነበረው። ልጅ ሆኜ ሥራዬ ጨርቅ መቅደድ ነበር።

ጨርቁን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ዘመናዊ የሆንኩ መስሎኝ በወረቀት ካርድ ለወጥኩት። ካርዱ በዚያን ቀን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ መኪናው ጨነቅ።

አሁን ጨርቁ ተመልሷል። መኪናችሁ መሪ ላይ ካያችሁት አትፍቱት፤ ልጆቹን ጥሩ። አንድ ሌሊት ይደር ያልነውም ለዚሁ ነው፤ ብየዳው በውሃ ይፈተሽ፣ ከዚያ አንቲፍሪዙ ይግባ፣ ከዚያ ጨርቁ ይፈታ። ቢቸኩል የሚበላሸው የእናንተው መኪና ነው። ለሠርግ የምትፈልጉት ከሆነ ሁለት ቀን ቀደም አድርጋችሁ አምጡልን። አንቲፍሪዙን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡም እንቀበላለን፤ ጀሪካኑ ያልተከፈተ ይሁን ብቻ። እጅ ላጠረው ደግሞ እንደ ድሮው በሁለት ጊዜ ይከፍላል። የዱቤ ደብተሩ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ። ማን ስንት እንዳለበት አውቃለሁ፤ በክፉው ጊዜ ስንቶቻችሁን በባዶ እጅ እንደሠራሁ እናንተም ታውቃላችሁ። መንገድ ተዘግቶ እንግዳ በጠፋበት ዓመት እንኳ ከልጆቹ አንዱን አላሰናበትኩም።

ላንድሮቨሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሳል። ባለቤቱ ሌላ ቦታ መውሰድ ይችሉ ነበር። «አንተው ሰበርከው፣ አንተው ሥራው» ብለው ቁልፉን ጥለውልኝ ሄዱ። የተሰነጠቀውን ብሎክ በሩ አጠገብ አስቀምጠነዋል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። መጥታችሁ እዩት፤ ቡናም አለ። ቁልፉን ተቀብሎኝ የሄደው ወንድሜም ቢመጣ በሩ ክፍት ነው፤ የግራ ፍሬኑን ሳልጨርስለት ነው የሄደው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት

አንድ የረሳሁት፦ የተረፈውን አንቲፍሪዝ በሃይላንድ ቀድታችሁ ቤት የምትወስዱ አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፤ ለልጅም ለውሻም ትንሹ ይበቃዋል። እዚሁ ስማችሁን ጽፈን በጀሪካኑ እናስቀምጥላችኋለን።