ቤት ድረስ የሚመጣው ደላላው ብቻ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምጽፈው ከጅማ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በቅርቡ ከሳዑዲ ተመልሳለች። ስትሄድ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ አድርጋ በጀልባ ወደ የመን ነበር። ስትመለስ የያዘችው አንድ ፌስታል ነው፤ ውስጡ ሻርፕና የስልክ ቻርጀር። ስልኩ የለም። የመን ላይ አግተዋት ብር ሲጠይቁ እናቷ የሸጧት ላም ነገር ቤት ውስጥ አይነሳም።

ስለ ስደት የሚደረገውን ስብሰባማ እንሰማለን። የአፍሪካ ቀንድና የአውሮፓ አገሮች በ2007 ዓ.ም. ሮም ላይ ስለ ሰው ንግድና ሕገወጥ ስደት የሚመክሩበትን የካርቱምን ሂደት ጀምረዋል። እኛም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለን። ሰው የሚነግደውን ይቀጣል፣ ተጎጂውን ስለ መደገፍም ይናገራል። ጥሩ ሕግ ነው፣ አልክድም። ግን ልጅቷ እርዳታ ፍለጋ አንድ ቢሮ ብትሄድ መጀመሪያ የተጠየቀችው መታወቂያ ነው። ሰነዷን አሠሪዋ እንደቀማቻት ብታስረዳም «ነገ ተመለሺ» ተባለች። ሦስት ጊዜ።

ደላላው መታወቂያ አይጠይቅም። ቡና ላይ መጥቶ ይቀመጣል፣ «እህቴ» ይላል፣ «ብሩን ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ» ይላል። እሱ ቤት ድረስ ከመጣ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ቢመጣ ምን ይከብዳል? ልጅቷ ሌሊት እየባነነች ትጮኻለች። የሚያናግራት ባለሙያ ያስፈልጋታል፣ ከዚያ ሥራ።

ታናሿ ሰሞኑን ስለ ዱባይ ማውራት ጀምራለች።

አንድ የጅማ ነዋሪ